ከግንቡ በኋላ ያለው ንጉሥ

ጥቅምት 6

ወንድምዓለም፣

ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቷል። የእማዬም ጉልበት እንደዚያው ነው፤ ደረጃ ባየች ቁጥር ትረግማለች። ቢሆንም አለን። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው? ሁለት ወር ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ ድንገት "ፊልሙ እናንተ ጋ ደረሰ ወይ? ሰው ምን አለ? አይተሽዋል ወይ?" ብቻ ብለህ ትልካለህ? ሰላምታ እንኳ በቅጡ የለውም። ለእማዬ ሳነብላት "ስሜሻለሁ ብሏል፣ ጉልበትሽን አደራ ብሏል" እያልኩ ከራሴ ጨመርኩበት። አመነችኝ መሰለኝ።

አዎ፣ ደርሷል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የእኔ ሥራ ያው ነው፤ ሲኒማው በር ላይ ቆሜ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ሰው ሲወጣ በወንበሮቹ መሐል እጠርጋለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ተጨምሮብኛል። ፊልሙን የሠራው ድርጅት ለየአዳራሹ ቢጫ ወረቀት ልኳል። "ስለ ፊልሙ ያለዎትን አስተያየት ይጻፉልን" ይላል፤ ከሥሩ አምስት መስመር አለ። ለሚወጣው ሁሉ አድላለሁ፣ በሩ አጠገብ ካለው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፣ ሣጥኑን ከፍቼ የምደረድረውም እኔ ነኝ። አለቃችን አንዱንም አያነብም፤ በከረጢት አስሮ ይልካል። ሰው ትንፍሽ ሲል "ጸጥታ!" ስለሚል እኛም ስሙን ጸጥታ ብለነዋል።

ሰው ምን አለ ላልከኝ፣ ያው እንደ ሰው ነው። አንዱ መምህር ይመስለኛል፣ አምስቱ መስመር አልበቃው ብሎ ጀርባውን ሞልቶታል፦ "በልጅነታችን የተነገረን ንጉሥ ወንዝ በጥፊ መትቶ ያቆመ ነው። የእናንተ ንጉሥ ያንኑ ወንዝ እያሳለ ይሻገራል። ምን ልትሉን ነው?" አንዲት ሴትዮ ደግሞ፦ "ጭቃው በዛ። የዚያን ሁሉ ሠራዊት ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?" አንድ ጸጉር አስተካካይ፦ "የንጉሡ ጢም ከፊት ሲታይና ከጎን ሲታይ አንድ አይደለም። ሙያዬ ስለሆነ ነው የተናገርኩት።" ከጎን ያለው ያንተ ጢም ይሆናል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያልተስማማሁበት የለም እንጂ በጣም የወደድኩት ይህን ነው፦ "ከሥራ ደክሞኝ ልረፍ ብዬ ገባሁ፤ ንጉሡን ከእኔ ብሶ ደክሞት አገኘሁት።"

አይተሽዋል ወይ ላልከኝ፣ አላየሁትም። የሚናገረው ንጉሥ ሌላ ነው፤ ፈረስ የሚጋልበው፣ የሚመታው፣ የሚወድቀው፣ ከጀርባና ከሩቅ የሚታየው እኔ ነኝ ብለኸኝ የለ? አንተ ስትመታ ቁጭ ብዬ ላይ አልችልም። በሩ ላይ ቆሜ የሰይፉን ድምፅ መስማቱ በቅቶኛል። እማዬም "ሲመጣ አብረን እናየዋለን" ብላለች። መቼ ነው የምትመጣው? ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት አልቆብኛል።

እህትህ

*

ጥቅምት 17

እታለም፣

ጉንፋንሽ ለቀቀሽ? ስለ ሰላምታው ይቅርታ። ጽሑፍህ ለምን ተንጋደደ ብትይኝ፣ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። ለምን አትደውልም ብትይኝም መልሱ እዚያው ነው፤ እማዬ ድምፄን ከሰማች አንድ ቃል ሳልጨርስ ታውቅብኛለች።

ተቀምጠሽ አንብቢልኝ። ሥራ ላይ አይደለሁም። ማገገሚያ ቤት ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ያን ጊዜ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው።

ከግንብ የሚወድቅ ሰው ታች የሚጠብቀው ባዶ ካርቶን ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ እንደረድራለን፣ ከላይ ፍራሽ እናነጥፋለን። ስትወድቂበት እየተጨፈለቀ ቀስ አድርጎ ያሳርፍሻል። የእኛ ሥራ ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ካርቶን ከረጠበ ግን ምንም አይዝም። ያን ቀን ዘነበ። ዳይሬክተሩ ጭቃው እውነተኛ ይሆናል ብሎ ደስ አለው። ሁለቴ ወደቅሁ፣ ደህና ነበርኩ። ሦስተኛ ይደገም ሲባል ካርቶኑን ለመቀየር ጊዜ የለም፣ ብርሃኑ እየሄደ ነው አሉ። እኔም በእጄ ዳሰስኩት። መርጠቡን አውቄያለሁ። አውቄ ወጣሁ፣ ማንን እወቅሳለሁ?

ዳሌዬና ግራ እግሬ ነው። ብረት ገብቶበታል፤ ባለፈው ወር ደግሞ እንደገና ቀደውኛል። ሐኪሙ "ትሄዳለህ፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም" ብሎኛል። ከግንቡ በኋላ ያለውን የንጉሡን ሥራ ሌላ ምትክ መጥቶ ጨረሰው።

ፊልሙ ውስጥ የገባችው ያቺ ሦስተኛዋ ናት ብለውኛል። ጦሩ ሲያገኘኝ፣ ስንገዳገድ፣ ስወድቅ፣ ሳይቆረጥ ሰባት ሰከንድ። እኔ አላየኋትም። እታለም፣ ስለሌላው ግድ የለኝም፤ ሰው ስለዚያች ሰባት ሰከንድ ምን እንደሚል ብቻ ከወረቀቶቹ ፈልገሽ ጻፊልኝ። ራስሽም ገብተሽ እዪልኝ፣ አደራ። አንድ ሰው እንኳ ካያት ቀና ብዬ ቤቴ እገባለሁ። በከንቱ ከሆነ የተሰበርኩት ግን እማዬ ፊት በክራንች አልቆምም። እዚሁ እቀራለሁ።

ለእማዬ አንዲት ቃል እንዳትነግሪያት።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 29

ወንድምዓለም፣

ቶሎ ያልመለስኩልህ ስለተናደድኩ ነው። ስድስት ቀን ተናደድኩ፣ ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ ከዚያ ደከመኝና ተውኩት። እማዬ ዓይኔን አይታ ምን ሆንሽ ስትለኝ በሽንኩርት አሳበብኩ። ሽንኩርት በማልከትፍበት ሰዓት ነው ያልኳት።

ስምንት ወር! እንኳን እህት ጎረቤትም ይነገረዋል። ይሁን፣ ሌላ ቀን እንጣላለን።

ብረቱ ያምሃል? ምግብ ይሰጡሃል? ሌሊት እንቅልፍ አለህ? እነዚህን አንድ በአንድ መልስልኝ፤ እንደ ልማድህ ዘለህ እንዳታልፋቸው።

ፊልሙን ሐሙስ ገብቼ አየሁት። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። አስተያየቶቹ እነሆ፤ እንዳሉ ገልብጬልሃለሁ።

"ብዙ ፊልም አይቻለሁ። ንጉሡ ከግንቡ ሲወድቅ ግን የወንበሬን ክንድ ጨበጥኩ።"

"ያ የወደቀው ሰው ማን ነው? ስሙ ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን።"

"ጦሩ ሲያገኘው፣ ሲንገዳገድ፣ ሲወድቅ፣ ሰባት ሰከንድ ሙሉ ትንፋሼን ያዝኩ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ አይቼ አላውቅም።"

አየህ? አይተውሃል። እንግዲህ ሐኪሙ እንደፈቀደልህ ና። ለእማዬ የምነግራትን አብረን እናስብበታለን።

እህትህ

*

ኅዳር 9

እታለም ዓለሜ፣

ያምሃል ወይ ላልሽኝ፣ ሲበርድ ያመኛል። ምግብ ይሰጡናል፤ ጨው የለውም እንጂ ሞልቶ ነው። እንቅልፍ ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ አለኝ። ይኸው አንድም አልዘለልኩም።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። አጠገቤ ያለው አልጋ የአንድ ግንበኛ ነው፤ እሱም ከግንብ ነው የወደቀው፣ ግን ራሱ ከሠራው። "አንተ የወደቅኸው ከውሸት ግንብ ነው፣ እኔ ከእውነቱ፤ እኩል መሰበራችን አይገርምም?" ይለኛል። ያቺን የሰባት ሰከንዷን አስተያየት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ድገመው አለኝ፣ ደገምኩለት። "የእኔን አወዳደቅ እንኳ ያየ የለም" ብሎ ቀናብኝ።

በማግስቱ በክራንች ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። ሰባት እርምጃ ናት። ነርሷ ምን አግኝተህ ነው ብትለኝ ደብዳቤ አልኳት።

የድርጅቱ ሾፌር ቅዳሜ በመኪና ሊወስደን ቃል ገብቷል፤ እኔና ግንበኛው ፊልሙን ልናየው ነው። እሱን አይቼ ወደ ቤት እመጣለሁ። ለእማዬ "በቅርቡ ይመጣል" በያት፣ እግሬን ግን እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ያቺን የሰባት ሰከንዷን ወረቀት ዋናዋን ላኪልኝ። ጸጥታ ለአንዲት ወረቀት አይቆጣሽም።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 14

ወንድምዓለም፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ፊልም ቤት እንዳትሄድ። በዚህ ብርድ ብረት ይዘህ የት ትሄዳለህ? ሲኒማ ቤት ሁሉ ደረጃ ነው፣ ወንበሩም ለዳሌ አይሆንም፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊልሙም ረጅም ነው። ደግሞ እማዬ አብረን እናየዋለን ብላለች፤ ቀድመሃት ካየህ ትቀየምሃለች። ይቆይህ።

ወረቀቷን ጸጥታ ከሌሎቹ ጋር ልኳታል።

ይህ ቅዳሜ ሳይደርስ ቢደርስህ ደስ ይለኛል።

እህትህ

*

ኅዳር 21

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። እኔ ቅዳሜ አይቼ ነበር።

ንጉሡ ግንቡ ላይ ይወጣል። እሱ እኔ ነኝ። ጦር ይወረወራል። ከዚያ ቁራ ይመጣል፤ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ቁራ። ከዚያ ንጉሡ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል፣ ፊቱ የዚያ የተናጋሪው ሰው ፊት ነው። አለቀ። የእኔን ሰባት ሰከንድ አውጥተው ቁራ አስቀመጡበት። ግንበኛው መጀመሪያ "ቁራው ጥሩ ይጫወታል" ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ተወ። ሾፌሩን ስጠይቀው፣ ሲታይ በጣም እውነት ስለሆነ ሰው ይሰቀጥጠዋል ተብሎ ወጣ አለኝ። የጮኽኩት ይሰማል አሉ።

ወንበሩን የጨበጠው ሰው ማን ነው? ስሜ እንዲጻፍ የጠየቀውስ? ሰባት ሰከንድ መሆኗን ከእኔና ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል? "ሲያገኘው፣ ሲንገዳገድ፣ ሲወድቅ" የሚለው የራሴ አጻጻፍ ነው፤ እኔ ሞኙ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤ አላወቅሁትም። የሌሉ ሦስት ሰዎች አሞገሱኝ፣ እኔም በእነሱ ተነሥቼ ሄድኩ።

አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። ድርጅቱ እዚህ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ የሚሠራ ሥራ ሰጥቶኛል። የተቀደደ ኮርቻና ተዋጊዎቹ ደረታቸው ላይ የሚለብሱትን የቆዳ ጥሩር መስፋት ነው። እግር አይፈልግም። ለእማዬ ሌላ ፊልም ጀምሯል፣ ይኼኛው ረጅም ነው በያት። ውሸቱን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 3

ወንድምዓለም፣

የምትለው ሁሉ ይገባኛል። አንብቤ አልተከፋሁም ብልህ ይኼም ሌላ ውሸት ይሆናል።

ያን ሐሙስ ልነግርህ ያልፈለግሁትን ልንገርህ። ገብቼ ኋላ ቆሜ ስጠብቅህ ነበር። ግንቡ ላይ ወጣህ፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፣ ከዚያ ቁራው መጣ። "የት ሄደ?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጸጥታ ከጀርባዬ "ጸጥታ!" አለኝ። ወጥቼ ሣጥኑን ከፈትኩና ሁሉንም አነበብኩ። ስለ አንተ ከጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አውቶቡስ ነጂ ነኝ ይላል፦ "ንጉሡ ግንቡ ላይ ነበር። ወፍ አሳያችሁን። ከዚያ መሬት ላይ ነው። አወዳደቁን ለምን ደበቃችሁን?" ይህን እንዴት ብዬ ልላክልህ? "አንድ ሰው እንኳ ካያት" ብለኸኛል፤ እኔ ደግሞ እንድትመጣ ብቻ ነበር የምፈልገው። ተቀምጬ ሦስቱን ጻፍኳቸው። ሦስተኛው ሲያቅተኝ ካንተ ደብዳቤ ቀዳሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን ግን የምጽፍልህ ለይቅርታ ብቻ አይደለም። እማዬ ፊልሙን አየችው።

ሌላ ፊልም ጀምሯል አልኳት። እሑድ የቀኑ ፊልም ሊጀምር ሲል ያቺን በጉልበቷ ምክንያት የጠላቻትን የሲኒማ ቤቱን ደረጃ ይዛ እየወጣች አየኋት። ብቻዋን። "ሲመጣ አብረን እናያለን አላልሽም?" ብላት "ቆየብኝ" አለችኝ። ለዓይኗ ብላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አብሬያት ልቀመጥ ብል በርሽን ጠብቂ አለችኝ።

ስትወጣ እንደ ማንም ተመልካች እጇን ዘርግታ ቢጫ ወረቀት ተቀበለችኝ። ልጻፍልሽ ብላት እርሳሱን ከእጄ ወሰደችው። ግድግዳው ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። አጥፋ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ቀስ እያለች ወደ ቤት ሄደች። ሣጥኑን ከፈትኩት። ይህን ከጸጥታ ከረጢት ሰርቄ ዋናውን ልኬልሃለሁ። ጽሑፏን ታውቀዋለህና የማን እንደሆነ አትጠይቀኝም። እርሳሱ ቢደበዝዝብህ ብዬ ግን ከዚህ በታች ገልብጬዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

"ፊልሙን ለሠራችሁት። የሚናገረውን ሰው አላውቀውም። ሲሄድ ግን ልጄ ነው። ከልጅነቱ ቀኝ ትከሻው ይቀድማል። ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ግንቡ ላይ የወጣው ልጄ ነው። ከግንቡ በኋላ ያለው ንጉሥ ልጄ አይደለም። ትከሻው ሌላ ነው፣ ደረጃውንም አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። ልጄ ግንቡ ላይ ምን ሆነ? ከዚያ በኋላስ የት ሄደ? እባካችሁ መልሱልኝ። እናቱ ነኝ።"

ወንበሮቹን ሳልጠርግ ቤት ሮጥኩ። ጎረቤታችን አናጢው ፎቅ ላይ ያለውን አልጋህን ፈታትቶ እያወረደው ነበር። እሷ ታች ቆማ "ግድግዳውን እንዳትነካው" ትለዋለች። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። "ደረጃው ያስቸግረዋል" አለች። ማን ነገረሽ ብላት "ፊልሙ" አለችኝና ወደ አናጢው ዞረች። ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም የአልጋውን ሌላ ጫፍ ያዝኩ።

አልጋህ አሁን በመስኮቱ ሥር ነው። አንሶላውን ራሷ ለውጣለች።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 11

እማዬ፣

እታለም ታንብብልሽ፤ ዛሬ የምትጨምረው የለም።

ቢጫ ወረቀትሽ ደርሶኛል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ለማንም መልስ አይልኩም፤ ስለዚህ እኔ ልመልስልሽ። ግንቡ ላይ የነበረው እኔ ነኝ። ወደቅሁ፣ ዳሌዬንና እግሬን ተሰበርኩ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ተኝቼ ነበር። ከግንቡ በኋላ ያየሽው የሌላ ሴትዮ ልጅ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አትቀየሚው። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ወረቀትሽን ግንበኛው ጓደኛዬ አነበበውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም ጥሩር መስፋቱን ተውኩት።

ሐሙስ በቀኑ አውቶቡስ እመጣለሁ። እታለም ትቀበለኛለች፤ አንቺ ጉልበትሽን ይዘሽ ቤት ጠብቂኝ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። መናኸሪያ ከመጣሽ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። በአካሄዴ አትፈልጊኝ። ትከሻዬ አሁን አይቀድምም፣ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው፣ የአውቶቡሱንም ደረጃ አንድ በአንድ ነው የምወርደው። ሌላ ሰው ነው ብለሽ እንዳትመለሺብኝ። ቁሚና እስክደርስ ጠብቂኝ፤ ፊቴን እዪ።

ልጅሽ